ጎማው ከሞዞው አልላቀቅ ሲል፦ እርግጫ፣ ዘይት፣ መዶሻ ወይስ ዳዶ አላልቶ መንዳት?

አምስቱም ዳዶዎች ተፈትተዋል። መኪናው በክሪክ ተነስቷል። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) ወጥቶ ጎን ላይ ተጋድሟል። የቀረው የተነፈሰውን ጎማ ሳብ አድርጎ ማውጣት ብቻ ነው። ሳብኩት። ንቅንቅ አላለም። በሁለት እጄ ይዤ ወደ ኋላ ተንጠለጠልኩበት። መኪናው ክሪኩ ላይ ተወዛወዘ፣ ጎማው ግን ወይ ፍንክች!

ይሄ የሆነው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አጠገብ፣ በጥር ወር ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። ካምሪዬን ይዤ ከሥራ እየተመለስኩ ነበር። አንድ የገበያ ማዕከል ፓርኪንግ ውስጥ ገባሁና ጎማ ልቀይር አልኩ። ከአርባ ደቂቃ ትግል በኋላ ተሸንፌ እርዳታ ደወልኩ። የመጣው ልጅ አንዴ አየኝ፣ አንዴ ጎማውን አየ። ምንም ሳይናገር ዳዶዎቹን በጣቱ መልሶ አስገባ። ክሪኩን አወረደ። መኪናዬ ውስጥ ገብቶ አንድ ሜትር ወደ ፊት፣ አንድ ሜትር ወደ ኋላ አደረገው። "ቋ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ። አለቀ። እኔ ላብ በላብ ሆኜ ቆሜያለሁ፣ እሱ ጓንቱን እንኳ አላወለቀም።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የጓደኞቼንም ስፈታ አራት አምስት ዘዴ ሞክሬያለሁ። ሁሉም ይሠራሉ። ችግሩ ሁሉም ቦታ አለመሥራታቸው ነው። ቤት ደጃፍ ላይ ግሩም የሆነው ዘዴ አውራ ጎዳና ዳር ሰው ያስገድላል። ስለዚህ "የትኛው ይሻላል?" ከማለታችሁ በፊት "የት ነው የቆምኩት?" በሉ።

ለምን ይጣበቃል?

ሞዞ የምለው ጎማው የሚታሰርበትን፣ ብሎኖቹ የተተከሉበትን ብረት ነው። መሃሉ ላይ አንገት አለው። የቸርኬው (ጎማው የተጫነበት የብረት ወይም የአሉሚኒየም ክብ) የመሃል ቀዳዳ እዚያ አንገት ላይ ልክክ ብሎ ይገባል። የእኔ ካምሪ ላይ የቀዳዳው ስፋት 60.1 ሚሊ ሜትር ነው። ቪትዝ ላይ 54.1 ነው። ከነጥብ በኋላ ያለችውን አንዷን ልብ በሉልኝ። ፋብሪካው ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ጎማው መሃሉን ይዞ እንዲዞር ነው። ክፍተቱ ጠባብ ስለሆነ ግን ትንሽ ዝገት ይሞላዋል። ዝገት ደግሞ ከተነሳበት ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል፤ እያበጠ ይሄዳል።

ቸርኬው አሉሚኒየም ከሆነ ነገሩ ይብሳል። አሉሚኒየምና ብረት ተነካክተው መሃላቸው ጨዋማ ውሃ ከገባ እንደ ባትሪ ድንጋይ ይሆናሉ። ተጎጂው አሉሚኒየሙ ነው። ጎማው ሲወጣ አንገቱ ዙሪያ የምታዩት ነጭ ዱቄት የእሱ ነው። ቡናማው የብረቱ ነው።

እዚህ አሜሪካ በክረምት በረዶ እንዳይጋገር መንገዱ ላይ ጨው ይበተናል። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይወረውሩሃል" የሚለው የአገራችን ተረት እዚህ አይሠራም። ጣፍጦም ይወረወራል። አሞሌ እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ከኖረበት አገር ለመጣ ሰው ጨው በመኪና ተጭኖ ሲበተን ማየት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል። በመጋቢት ወር ከመኪናችሁ ስር ጎንበስ ብላችሁ ብታዩ ደግሞ ግራ ማጋባቱ ቀርቶ ማናደድ ይጀምራል።

አዲስ አበባ ጨው አይበተንም። ክረምቱና ጭቃው ግን አለ። ግቢ ውስጥ ለወራት ሳይነሳ የቆመ መኪናም አለ። ከአውሮፓ ያገለገለ ሆኖ የገባ ያሪስ ከሆነ ደግሞ ዝገቱን አብሮ ይዞ መጥቶ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ቁጠሩ

አንድ ወዳጄ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጎማ ሲረግጥ ቆይቶ ስልክ ደወለልኝ። "ዳዶዎቹን ስንት ፈታህ?" አልኩት። "አራት።" "መኪናህ ባለ ስንት ነው?" ዝም አለ። አምስተኛው ላይ የፕላስቲክ ቆብ ነበረበት። በጨለማ አላየውም። እስከ ዛሬ "አራት" ብለን ነው የምንጠራው።

ስለዚህ ቁጠሩ። የራሱ ልዩ መፍቻ ያለው የሌባ መከላከያ ዳዶ መኖር አለመኖሩንም እዩ። የኋላ ጎማ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር አትምታቱ። የእጅ ፍሬን ሲያዝ ጎማው አይዞርም እንጂ ከመውጣት አይከለከልም። ፍሬኑ የሚይዘው ታምቡሩን ወይም ዲስኩን ነው። ዳዶዎቹ ወጥተው ጎማው ከቀረ፣ የተጣበቀው ከሞዞው ነው።

ለሁሉም ዘዴ የሚሆኑ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በምንም ዘዴ ስትታገሉ ቢያንስ ሁለት ዳዶ ጫፍ ላይ ሦስት አራት ዙር አስገብታችሁ ተዉ። ጎማው በድንገት ሲለቅ እግራችሁ ላይ አይወድቅም። ሁለተኛ፣ መኪናው በክሪክ ብቻ ቆሞ ሳለ እጅም እግርም ከስሩ አይግባ። የብረት መቆሚያ ከሌላችሁ ስኮርታውን በሩ ስር፣ ከመኪናው ወለል በታች አጋድሙት። ክሪኩ ቢንሸራተት መኪናው እሱ ላይ ያርፋል። ከቆሙት ጎማዎች ስር ታኮ ማስገባት ለአበሻ ሹፌር የሚነገር አይደለም፤ ግን እኔ ራሴ ያን ሌሊት ረስቼው ነበር።

እርግጫ

ከሁሉም ቀላሉ ነው። ዕቃ አይጠይቅም። ጎማው ከመሬት ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይበል፤ ከዚያ በላይ አታንሱት። ጀርባችሁን ለመኪናው ስጡና በተረከዝ የጎማውን የታችኛውን ጎን ምቱ። ቸርኬውን አይደለም፣ ጎማውን። ሁለት ሦስቴ መትታችሁ ጎማውን ሩብ ዙር አዙሩት። እንደገና ምቱ። አንድ ቦታ ላይ ሃያ ጊዜ ከመምታት አራት ቦታ አምስት አምስት ጊዜ መምታት ይሻላል።

ለምን የታችኛው ጠርዝ? የእኔ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 67 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከመሃል እስከ ጠርዝ 33 ይሆናል። የሞዞው አንገት ደግሞ ከመሃሉ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው የሚርቀው። ጠርዙ ላይ የምታሳርፉት ምት አንገቱ ጋ ሲደርስ አሥራ አንድ እጥፍ ገደማ የሚያድገው ለዚህ ነው። መሃል አካባቢ የሚመታ ሰው ግን ጉልበቱን ያባክናል።

ጉድለቱ ክሪኩ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው መቀስ ክሪክ ለእርግጫ አልተሠራም። በእያንዳንዱ ምት መኪናው ይወዛወዛል። መሬቱ ጠጠር ወይም ዘንበል ያለ ከሆነ እኔ አልረግጥም። ጠንካራ መሬት፣ ከስር የተጋደመ ስኮርታ፣ ታኮ፤ ሦስቱ ካሉ ግን መንገድ ዳር የምመርጠው ይሄንኑ ነው። ቀላል ዝገት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከአሥር ምት አያልፍም።

ዳዶ አላልቶ መንዳት

ያ ልጅ ያደረገው ይሄንን ነው። በእኔ እምነት ከሁሉም የሚበልጠውም ይሄ ነው፤ ቦታው ከተገኘ። የመኪናውን ክብደት የምታክል መዶሻ ማንም ቤት የለችም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዳዶዎቹን ሁሉ መልሱ፤ አንድም እንዳይጎድል። በጣት እስኪያዙ አጥብቁ። ከዚያ እያንዳንዱን ከግማሽ እስከ አንድ ዙር ብቻ መልሳችሁ አላሉ። ከዚያ በላይ አይሁን። ክሪኩን አውርዱ። ታኮውን አውጡ። በእግረኛ ፍጥነት አንድ ወይም ሁለት ሜትር ወደ ፊት ሂዱና ፍሬን ያዝ አድርጉ። ወደ ኋላም እንደዚሁ። የፊት ጎማ ከሆነ በቆማችሁበት መሪውን ከዳር እስከ ዳር ማዞርም ይረዳል። መስኮቱን ክፈቱና አድምጡ። "ቋ" ሲል ወዲያው ቁሙ። አንዴ ከለቀቀ በኋላ አሁንም መንዳት የብሎኑንና የቸርኬውን ቀዳዳ መፋቅ ነው። ዳዶዎቹን በመጠኑ አጥብቁ፣ እንደገና በክሪክ አንሱ፣ አውጡ።

የት አይሆንም? አውራ ጎዳና ዳር በፍጹም አይሆንም። 495 ላይ (ዋሽንግተንን የሚዞረው አውራ ጎዳና ነው) መኪኖች በአጠገባችሁ እየበረሩ ዳዶው የላላ መኪና ወደ ኋላና ወደ ፊት አታደርጉም። ቁልቁለት ላይም አይሆንም። ጎማው ሙሉ በሙሉ ተንፍሶ ከሆነ አንድ ሁለት ሜትር መሄዱ ብዙውን ጊዜ ቸርኬውን አይጎዳውም፤ ጎማውን ግን ሊጨርሰው ይችላል። የሚጠገን ምስማር ብቻ ከሆነ የገባበት፣ መጀመሪያ አየር ሙሉለት።

ብዙ ሰው "አንድ ዙር ማላላት ፈራሁ" ይለኛል። መፍራቱ ጥሩ ነው። ዳዶዎቹ ሁሉ ካሉና የሄዳችሁት ሁለት ሜትር ብቻ ከሆነ ጎማው የትም አይሄድም። አደጋው የሚመጣው "እስቲ አንዴ ሰፈሩን ልዙር" ሲባል ነው።

ዘይት

ጊዜ ላለው ሰው። የመሃሉን ክዳን አውልቁ። ቸርኬውና የሞዞው አንገት የሚገናኙበት ቀጭን ክብ ይታያችኋል። ዝገት ሰርስሮ የሚገባ ዘይት እዚያ ክብ ላይ ጠብ ጠብ አድርጉ። ሩብ ሰዓት ጠብቁ። የማይቸኩል ሰው አዳሩን ይተወው። ከዚያ እርግጫው ወይም መንዳቱ ይቀልለታል። ዘይት ብቻውን ጎማ ሲያወጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ሥራው ለሌላው ዘዴ መንገድ መጥረግ ነው።

እዚህ ላይ ሁላችንም የምናውቃት ሰማያዊና ቢጫ ቆርቆሮ አለች፤ ደብሊው ዲ ፎርቲ። ስሟ ራሱ "ውሃ ማባረሪያ፣ 40ኛ ሙከራ" ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ሳንዲያጎ ውስጥ የተሠራችው ብረትን ከእርጥበት ለመከላከል ነበር። ሌላ ከሌለ ትሞከር። ከሱቅ የምትገዙ ከሆነ ግን ለተጣበቀ ብሎን ተብሎ የተሠራውን ምረጡ፤ የበለጠ ሰርስሮ ይገባል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ነጭ ጋዝ ቢጠቀም አይወቀስም፤ አባቶቻችንም በሱ ነበር የሚፈቱት።

ጥንቃቄው ፍሬን ላይ ነው። ዘይት አበዛችሁ ማለት ጎማው ሲሽከረከር ወደ ዳር ይረጫል፣ ዲስኩና የፍሬን ሸራው ላይ ያርፋል። ከዚያ ፍሬን ስትይዙ መኪናው አይቆምም። ስለዚህ በጠብታ እንጂ በፏፏቴ አይሁን። ጎማው ሲወጣ በጨርቅ ጥረጉ፣ በፍሬን ማጽጃ እጠቡ።

መዶሻና ሞራሌ

መዶሻ የሚጎዳው የት እንደሚመታ ካልታወቀ ነው። ኮተቤ ውስጥ አንድ ጎሚስታ አሉሚኒየም ቸርኬ በትልቅ መዶሻ ሲወቅር ያየ አንድ ትልቅ ሰው "ልጄ፣ ቆርቆሮ እያቃናህ ነው እንዴ?" ሲሉት እስካሁን ትዝ ይለኛል። እውነታቸውን ነበር። አሉሚኒየም ቸርኬ በቀጥታ ሲመታ ይሰነጠቃል ወይም ጠርዙ ይታጠፍና አየር ያስወጣል። ዲስኩ ወይም ሞዞው ላይ ያረፈ ምት ደግሞ ኩሽኔታው ውስጥ ያሉትን ኳሶች መንገድ ይጎደጉዳል። ከሳምንት በኋላ ኩሽኔታው መዝፈን ይጀምራል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። ሜትር ተኩል ወይም ሁለት ሜትር የሚሆን ሞራሌ (ረጅም የተጠረበ እንጨት) ውሰዱ። ከመኪናው ማዶ በኩል፣ በስር አሳልፋችሁ ጫፉን ከተጣበቀው ጎማ የውስጥ ጎን ላይ አሳርፉ። ጎማው ላይ፣ ብረቱ ላይ አይደለም። የፍሬን ቱቦና የሴንሰር ሽቦ እንዳይነካ ተመልከቱ። እናንተ ማዶ ከመኪናው ውጭ ሆናችሁ የሞራሌውን ጫፍ በትልቅ መዶሻ ምቱ። ምቱ ጎማውን ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ይኸውም መውጣት ያለበት አቅጣጫ ነው። ሰውነታችሁ ከመኪናው ስር አልገባም። ይሄ ግን መኪናው በጠንካራ የብረት መቆሚያ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው። የቤት ሥራ ነው፣ የመንገድ አይደለም።

በቆርቆሮ ቸርኬ ላይ ትንሽ ድፍረት ይፈቀዳል፤ እዚያም ቢሆን መሃል ላይ ጣውላ አድርጉ።

እሳትና የፈላ ውሃ

እሳት፦ አይሆንም። የተነፋ ጎማ ሲሞቅ ውስጡ የሚፈጠረው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል፤ እሳቱ ከጠፋ በኋላም ጭምር። አሉሚኒየሙም ጥንካሬውን ያጣል። ሌላ የምለው የለኝም።

የፈላ ውሃ ግን ብልህ ዘዴ ነው። አሉሚኒየም ሲሞቅ የሚለጠጠው ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። 60.1 ሚሊ ሜትር የሆነው ቀዳዳ በ70 ዲግሪ ቢሞቅ ስፋቱ በ0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። ትንሽ ይመስላል። ግን የተጣበቀበት ክፍተትም ከዚያ ብዙ አይበልጥም። አንድ ማንቆርቆሪያ ውሃ የቸርኬው መሃል አካባቢ አፍስሱና፣ ሙቀቱ ወደ ሞዞው ሳይደርስ ቶሎ ምቱ። ለቆርቆሮ ቸርኬ አይረባም፤ ሁለቱም ብረት ስለሆኑ አብረው ይለጠጣሉ። በክረምት ደግሞ ውሃው መሬት ላይ ወርዶ በረዶ ይሆንና እናንተን ይጥላችኋል። አንዴ ወድቄያለሁ።

ታዲያ የቱን?

አውራ ጎዳና ዳር ከሆናችሁ፦ አሥር እርግጫ፣ ካልሆነ ስልክ። ሌላ ጀግንነት አያስፈልግም። ከመኪናው ራቅ ብላችሁ፣ ከመከላከያው ብረት ማዶ ቁሙና ጠብቁ።

ፓርኪንግ ወይም ነዳጅ ማደያ ከሆነ፦ እርግጫውን ዝለሉት፣ ዳዶ አላልታችሁ ንዱ።

ቤት ከሆነና ካልቸኮላችሁ፦ ማታ ዘይት፣ ጠዋት መንዳት። ካልለቀቀ ሞራሌ። አሉሚኒየም ከሆነ ከሞራሌው በፊት ማንቆርቆሪያውን ጣዱ።

የመኪናው ሞተር የማይነሳ ከሆነ መንዳቱ ይቀራል። ግቢ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆመ መኪና ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው። ዘይቱን ሁለት ሦስት ቀን ደጋግሙለት፣ ከዚያ ሞራሌ።

ብሎን ከተሰበረ፣ ዳዶው ከነብሎኑ ዝም ብሎ የሚዞር ከሆነ፣ ወይም ሦስት ዘዴ ሞክራችሁ እምቢ ካለ ለጎሚስታ ወይም ለጋራዥ ስጡ። የአንድ ብሎን ዋጋ ከአንድ ኩሽኔታ ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

ሲመለስ

ብዙ ሰው ጎማው ከወጣለት በኋላ ደስታው ይበዛና ስኮርታውን ለጥፎ ይሄዳል። በማግስቱ ግን አንድ ሃያ ደቂቃ ስጡት። የሞዞውን አንገትና ፊቱን በብረት ብሩሽ ፈትጉ። የቸርኬውን የመሃል ቀዳዳ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ ብላችሁ አጽዱ፤ አሉሚኒየም ስለሆነ አትፋቁት። ከዚያ ፀረ-መጣበቅ ቅባት አንገቱ ላይ ብቻ፣ ጣት ቀብታ በጠረገችው መጠን ቀቡ። ለአሉሚኒየም ቸርኬ መዳብ ያለበትን አልመርጥም፤ መዳብና አሉሚኒየም በጨው ውስጥ አይስማሙም።

ብሎኑን አትቀቡ። ዳዶው የሚቀመጥበትንም አትቀቡ። ቅባት ያለበት ብሎን በተመሳሳይ ጉልበት ከመጠን በላይ ይወጠራል።

አጠባበቁ በመስቀል ነው፤ አንዱን አጥብቆ ወደ ፊት ለፊቱ መሄድ። ለካምሪም ለቪትዝም ቶዮታ የሚለው 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው። መፍቻው ላይ ቆሞ የሚዘል 70 ኪሎ ሰው ከሦስት እጥፍ በላይ እያጠበቀ ነው። የእኔን ዳዶዎች ባለፈው ዓመት አንድ ጋራዥ በአየር መፍቻ እንዲያ አጥብቆልኝ፣ ለመፍታት የብረት ቱቦ ማስረዘሚያ ፈልጌያለሁ።

ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከነዳችሁ በኋላ ዳዶዎቹን እንደገና ፈትሹ። የጸዳ ፊት ላይ የተቀመጠ ቸርኬ ትንሽ ይረጋጋል፣ ዳዶውም ላላ ሊል ይችላል። ከዚያ ጎማዎቹን በየ8,000 ኪሎ ሜትሩ ቦታ አቀያይሩ። ጎማው እኩል እንዲያልቅ ይባላል፤ እኔ የማደርገው ግን በዓመት አንድ ሁለቴ ከሞዞው እንዲላቀቅ ነው። ከጥቅምት በፊት አንዴ፣ ጨው ከመበተኑ በፊት። አንዴ ደግሞ በሚያዝያ። የመሃል ክዳኖቹን መመለስ አትርሱ፤ የእኔ ሁለቱ አሁንም ኩሽና መስኮት ላይ ናቸው፣ ባለቤቴ የቡና ስኒ ማስቀመጫ አድርጋቸዋለች።